የግራው ወተት

ልጄ አራት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ወደ ሥራ ተመለስሁ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ አጥሩ ሐይቁ ዳር በሚያልቅ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ፈሳሾቹን ለክቼ አዘጋጃለሁ፤ ሲወጡ ደግሞ ብርጭቆዎቹን አጥቤ እደረድራለሁ።

በዚያ የአሲድ ሽታ መሀል ወተት ማለብ የማይታሰብ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ሴት፣ ሳልነግራት ችግሬ ገብቷት የአንድ ክፍል ቁልፍ አመጣችልኝ። የድሮ የፈተና ወረቀት የሚከማችበት ጠባብ ክፍል ነው።

«ማንም አይመጣብሽም» አለችኝ። «እዚያ የሚገባው አቧራ ብቻ ነው።»

ክፍሉ አንድ መስኮት አለው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ወድቃ በመስኮቱ ትመለስና ኮርኒሱ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ቀና ብዬ ያን ብርሃን ሳይ ከሐይቁ ሥር የተቀመጥሁ ይመስለኝ ነበር። ማለቢያውን ባለቤቴ አዲስ አበባ በምትኖር እህቱ በኩል ነው ያስመጣልኝ፤ በመብራት የሚሠራ፣ ሁለቱንም ጡት ባንድ ጊዜ የሚያልብ። ሲሠራ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ትንሽ ካደመጥሁት ድምፁ ቃል ይሆንብኛል፤ አንዳንድ ቀን «ቆይ ቆይ» ይለኛል፣ አንዳንድ ቀን «ነይ ነይ»።

የመጀመሪያው ቀን ማለቢያውን አጥፍቼ ሁለቱን ጡጦዎች መስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አቆምኋቸው። ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከወተቱ ጠርዝ ጋር አስተካከልሁ፤ የሥራዬ ልማድ ነው። የቀኙ ዘጠና ሚሊ ይላል። የግራው ሃያ።

በደንብ ሳልገጥመው ቀርቼ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። በማግስቱ ቱቦውን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና ገጠምሁት። ቀኙ ዘጠና አምስት ሞላ። ግራው አሥራ ስምንት ላይ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ቱቦዎቹን አቀያየርኋቸው፤ የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ። ምንም አልተለወጠም። ጥፋቱ የማለቢያው አልነበረም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጡቶቼ ሁለት መሆናቸውን እንኳ ልብ አላልሁትም ነበር። ልጄ ስታለቅስ አቅፋታለሁ፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ምን ያህል ጠባች፣ ከየትኛው ጠባች ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጡጦዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የማላውቀው የገዛ ገላዬ ተገለጠልኝ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ሄጄ ነገሩን መፈለግ ጀመርሁ። የወለድሁት በቀዶ ሕክምና ነበር። ግራ እጄ ላይ የግሉኮስ መርፌ ተተክሎ ስለነበር ነርሷ ልጄን ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበር የምታስተኛልኝ። እንገሩን የጠባችው ከቀኙ ነው። ቤት ከገባንም በኋላ ቁስሌ ሲያመኝ የሚቀለኝ በቀኝ ጎኔ መተኛት ነበር። ወደ ግራው ሳዞራት ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፤ እኔም እሺ ብዬ እመልሳታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሁለታችንም ሳናውቀው፣ ግራውን ትተነው ነበር።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በጣም አሳፈረኝ። ለማን እንደማፍር ግን አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ከወረቀት በቀር ማንም የለም። አልቤ ስጨርስ የግራውን ቶሎ ብዬ ቀኙ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ማንም ለያይቶ እንዳያየው። ሸሚዜ በአንድ ጎን ብቻ ይረጥባል፤ መስታወት ፊት ስቆም አንድ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። ልዩነቱ እንዳይታይብኝ ጀርባዬ ላይ ነጠላ እጥፍ አድርጌ በግራ በኩል ወደ ፊት አወርደዋለሁ።

ማለቢያው ሲያሸልበኝ ደግሞ እንግዳ ነገር ይታየኛል። እንቅልፍ አይደለም፤ ዓይኔ ግማሹ ክፍት ነው። ሐይቁ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል አያለሁ። ውኃው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የደንገል ታንኳዎቹ፣ ወፎቹ፣ የደሴቶቹ ዛፎች ሁሉ አብረውት ይንሸራተታሉ። በግራ በኩል እርጥብ ጭቃ ብቻ ይቀራል፣ ጭቃው ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ቀና ብላ ልታየኝ ስትል እባንናለሁ። ማለቢያው ባዶውን ይተነፍሳል፤ ቀኙ ሞልቷል፣ ግራው የጡጦውን ሥር ብቻ ሸፍኗል።

ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ የወሰድኋት ቀን እዚያ ላለችው ነርስ ነገርኋት።

«ሲስተር፣ የግራ ጡቴ ወተት የለውም።»

ልጄን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን አየች። «በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች?»

«ሰባት፣ ስምንት ጊዜ።»

«ኪሎዋ ጥሩ ነው። ቆዳዋን እይው እስቲ፣ ምን ጎደላት?» ልጄን አንሥታ ሰጠችኝ። «የብዙ እናት ጡት እኩል አይደለም። አብዛኛዋ ስለማትለካው አታውቀውም እንጂ። እንዲጨምርልሽ ከፈለግሽ ስትርባት ከግራው ጀምሪላት። ካልሆነም ስታንቀላፋ ስጫት፣ ያኔ አትመርጥም። ጡትሽ ላይ የምትገጥሚው የማለቢያው ፕላስቲክም እንዳይጠብሽ፤ ከጠበበሽ ወተቱን ያግደዋል።»

ሰማኋት፣ አመሰገንኋት። ከጤና ጣቢያው በር ስወጣ ግን እኔን ለማጽናናት ያለችው መሰለኝ።

አማቴ የመጡት ሥራ ከመጀመሬ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። እናቴ የልጄ ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ አብራኝ ቆይታ፣ አባቴ ስለታመመባት ተመልሳ ነበር። አማቴ የሚኖሩት ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ ቆላ ድባ ነው፤ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ክፍት ሆነ በተባለበት ሳምንት፣ አብሽና የአጃ ዱቄት በከረጢት ይዘው፣ በሚኒባስ መጡ። የመሪጌታ ባለቤት ነበሩ፤ መሪጌታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ከሠርጌ ወዲህ የተገናኘነው ሁለቴ ብቻ ስለነበር በጣም እፈራቸው ነበር። ትንሽ ይናገራሉ። ሲቀመጡ ጀርባቸው ቀጥ ይላል፤ ቀሚሳቸው እስከ አንገታቸው የተዘጋ ነው፤ ሙቀት ሲሆን እንኳ ነጠላቸውን ከደረታቸው አያወርዱም።

ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ጠዋት ስወጣ ልጄን እሳቸው ይቀበሉኛል። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ያለብሁትን ከበረዶ ሳጥኑ አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባለሁ። አንድም ቀን ስንት አመጣሽ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ግን በየቀኑ የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ ከበሩ ጀምሬ ልቤ ይመታል።

አንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ልጄ ተኝታ እኔ መኝታ ቤት ማለብ ጀመርሁ። ባለቤቴ ጢስ ዓባይ፣ ኃይል ማመንጫው ውስጥ ተረኛ ነበር። ማለቢያው «ነይ ነይ» እያለኝ፣ እኔም እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ፣ በድንገት ጸጥ አለ። መብራት ጠፋ። ባሌ መብራት የሚወጣበት ቦታ እየሠራ ቤታችን መብራት ይጠፋል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ቀኙ ግማሽ ሆኖ፣ ግራው ገና አራት ጠብታ ይዞ ሳየው እንባዬ መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር አማቴ ሰሙኝ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«መብራት ጠፋ፣ እማማ። ማለቢያው በመብራት ነው የሚሠራው።»

«እጅሽም በመብራት ነው የሚሠራው?»

መሳቅና ማልቀስ ባንድ ላይ መጣብኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወጡ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ኩባያና ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይዘው ተመለሱ፤ በርጩማ ስበው ፊቴ ተቀመጡ።

«ታፍሪኛለሽ?»

«አይ እማማ፣ አላፍርዎትም» አልሁ። አፍሬ ነበር።

«የቱ ነው የሚያስቸግርሽ?»

ከነርሷ በቀር ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ያወቁት መቼ እንደሆነ እንጃ። «ግራው» አልሁ። «ምንም የለውም።»

ለብ ያለውን ጨርቅ ጡቴ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። «መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች አባብዪው። አትጎትቺው። ላምም ስትጎተት ወተቷን ትይዛለች። አሁን ጣትሽን ወደ ኋላ፣ ወደ ደረትሽ ግፊው። እንዲያ። ከዚያ ጨመቅ አድርገሽ ልቀቂ።» እጃቸውን በእጄ ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ከዚያ አንድ ጠብታ፤ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ወፍራም። ቀጥሎ ወተቱ እንደ ክር ቀጥኖ ኩባያው ውስጥ ሲወርድ ድምፁን ሰማሁት። በማለቢያው ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

መጋረጃው በነፋስ ይገባል፣ ይወጣል። ቤቱ ሁሉ ድምፅ አጥቶ ነበር፤ ፍሪጁ ዝም፣ የጎረቤት ሬዲዮ ዝም። የሚሰማው ያ ቀጭን ድምፅና የልጄ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጊዜው ስንት እንደሄደ አላውቅም። የኩባያው ሥር በወተት ተሸፍኖ ነበር።

«ብዙ ላም አልቤያለሁ» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከኩባያው ሳያነሡ። «አራቱም ጡቷ እኩል የምትሰጥ አንድ እንኳ አልገጠመችኝም። ስለዚህ ብዬ ያረድኋት ላም የለችም።»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና የቀሚሳቸውን ቁልፍ ከአንገታቸው ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ።

«እኔ ግራ የለኝም» አሉኝ።

ከአንገታቸው ሥር እስከ ጎናቸው ድረስ ቆዳቸው ተሸብሽቦ፣ ተጣብቆ፣ ያብረቀርቅ ነበር። ጡት ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ጡት አልነበረም።

«የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የፈላ ውኃ ተደፋብኝ። ሳድግ ቀኙ አደገ፣ ይሄኛው እንዲሁ ቀረ።»

«አራቱንም ልጆች...?»

«አራቱንም። ባልሽንም ጭምር።»

«አልፈሩም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አልፈራም? የመጀመሪያዋ ስትወለድ ሰፈሩ ሁሉ ይቺ ልጅ በረኃብ መሞቷ ነው ይል ነበር። አንዷ የምታጠባ ሞግዚት ፈልጊ ትለኛለች፣ አንዷ የላም ወተት በጥብጪላት ትለኛለች። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ ውስጥ እያለቀስሁ አጠባለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ጉንጯ ሞላ። ቀኙ የሰማ መሰለኝ፤ የሁለቱን ሥራ ያዘው።» ቁልፋቸውን መልሰው መቆለፍ ጀመሩ። «ያንቺዋ ሁለት አላት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ምኑ ያስለቅሳል?»

«ልጅዎ ያውቃል? ባሌ?»

«ማን ይነግረዋል? አባቱ ያውቁ ነበር። አሁን ደግሞ አንቺ አወቅሽ።»

መብራቱ ተመልሶ ማለቢያው ወለሉ ላይ እንደገና መተንፈስ ጀመረ። ሁለታችንም ደነገጥን። እጄን ሰድጄ አጠፋሁት።

ለባለቤቴ አልነገርሁትም። የእኔ ወሬ አልነበረም። ግን በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አራታችንም ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ቀኑ ደመና ነበር፤ ውኃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ቀለም ስለነበራቸው የሩቁ ታንኳ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ልጄ መነጫነጭ ስትጀምር እንደልማዴ ወደ ቀኝ አዞርኋት።

«ከግራው ስጫት እንጂ» አሉኝ አማቴ።

ባለቤቴ ሳቀ። «እማ፣ አንቺ ደግሞ! ከግራ ሆነ ከቀኝ ምን ለውጥ አለው?»

«ለአንተማ አልነበረውም» አሉት። ውኃውን እያዩ፣ ለእኔ እንደነገሩኝ ሁሉ ነገሩት፤ የፈላውን ውኃ፣ የሰፈሩን ወሬ፣ የአባቱን ዳዊት። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

ባለቤቴ «እኔ እኮ ሁልጊዜ በቀኝሽ በኩል ነበር የምተኛው» አለ። «ከወንድሜ ጋር የምንደባደበው ስለዚያ ቦታ ነበር። ማንም በግራሽ ተኝቶ አያውቅም። ለምን ብዬ አስቤው አላውቅም።»

«ብርድ ሲሆን ያመኝ ነበር። ሲነኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አማቴ ዞር ብለው አዩት። ጥያቄው በእውነት የገረማቸው ይመስላል። «ጠግበህ ነበር እኮ» አሉት። «ምኑን ልንገርህ?»

ተነሥቶ ወደ ውኃው ሄደ። ደንገሉ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ። እዚህ ከተማ ስንኖር ሐይቁ ላይ ፊቱን ሲታጠብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሲመለስ በእናቱ ቀኝ አልተቀመጠም፤ ዞሮ በግራቸው በኩል፣ ሳይነካቸው፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡት። ልጄ ያን ቀን ከግራው ትንሽ ጠባችና እንደገና ተወችው።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ያለችኝን ሁሉ አደረግሁ። ሰፋ ያለ ፕላስቲክ ተገኘልኝና ገጠምሁለት። ወረቀት በሞላው ክፍሌ ውስጥ መጀመሪያ ግራውን በእጄ አባብዬ አልበዋለሁ፤ ከዚያ ነው ማለቢያውን የማበራው። ቤት ስሆን ልጄ እንቅልፍ ሲጫጫናት፣ ዓይኗ ግማሽ ሲከደን፣ ወደ ግራው አስጠጋታለሁ። በሕልሟ የምትጠባ ይመስል ሳትመርጥ ትቀበለኛለች። እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች አሁን ሳስባቸው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ሆነው ነው የሚታዩኝ፤ መጋረጃው፣ የልጄ ላብ የነካው ጠጉር፣ ከጓዳ የሚሰማው የአማቴ የዕቃ ማጠብ ድምፅ፣ እኔም ከእሷ ቀድሜ ስተኛ።

ግራው ወደ ሠላሳ ወጣ፤ ከዚያ አርባ። አንድ ማክሰኞ ሃምሳ ሲሞላ ብቻዬን ጮክ ብዬ ስስቅ የመዝገብ ቤቷ ሴት ምን ሆንሽ ብላ በሩን አንኳኳች። በማግስቱ ወደ ሠላሳ አምስት ወረደ። ከቀኙ ጋር እኩል የሆነበት አንድም ቀን የለም። ውሎ አድሮ ጎንበስ ብዬ ማንበቤን ተውሁ። ሁለቱን ቀላቅዬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አማቴ ልጄ ቆማ መሄድ ስትጀምር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ከፍተው፣ «ስታጠቢ ጀርባሽን አስደግፊ» አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

ልጄን ጡት ያስጣልኋት ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ጎረቤቶች ሬት ቀቢው አሉኝ፤ አልፈለግሁም። በራሷ ጊዜ እየረሳችው፣ በቀን አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ እያለች፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትጠይቀኝ ቀረች። ቀኙ አጋተ፣ ድንጋይ ሆነ፣ ትኩሳት ለቀቀብኝ፤ ባለቤቴ ቀዝቃዛ ጨርቅ እየቀያየረ አስታመመኝ። ሳምንት ሙሉ ከቀኙ ሌላ አላሰብሁም። ግራውን ያስታወስሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። ዳሰስሁት። ሳያመኝ፣ ሳያጋት፣ መቼ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ አለቀስሁ።